ያቺ መዘግየት

ወጣቱ ከበሮ መቺ የመጨረሻው ዘፈን መሃል ላይ ግራ እጁን ከምቱ አዘግይቶ መልሶ ሲደርስበት፣ መጠጥ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ሟቹ ከበሮ መቺ ኔቪል የራሱን ባንድ ስም ባስጠራው አልበም ላይ ይህንኑ ዘፈን እንዲህ ከመታ ወዲህ፣ አርባ ዓመት ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ የማይዘገይ የፓንክ ሮክ ከበሮ መቺ በእንግሊዟ ሰንደርላንድ ከተማ አልተገኘም። የኔቪል እህት ሞሪን ቢራዋን አልነካችም።

ወጣቱ ላቡን እየጠረገ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። «ያቺን መዘግየት ሁለት ዓመት ተለማመድኳት፤ ጎረቤት ሊገድለኝ ነበር። እስቲ ይንገሩኝ፣ ወንድምዎ ከየት አመጣት?»

«ከየትም አላመጣትም። ሲቀረጽ አብሬው ነበርኩ፤ ግራ እጁ ደንዝዞበት ነው። ‹አልሆነም፣ እንድገመው› ሲል፣ ‹ተወው፣ ታምራለች› ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ አገኘሁት፤ ለካ ድንዛዜው የልብ ሕመም ምልክት ኖሯል።»

ወጣቱ የከበሮ ዱላዎቹን ኪሱ ሊከት ሲል እጁን ያዘችው።

«አንዴ ሳትዘገይ ምታልኝ» አለችው።