የቀሚሱ እጥፋት

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የልጅቷን አዲስ የትምህርት ቤት ቀሚስ ጫፍ ታጥፍ ነበር። ጥግ ላይ ያለው ሬዲዮ ስለ ጦርነት ያወራል። እናት ሬዲዮውንም ልጇንም እያዳመጠች አጠገባቸው ቆማለች።

"እማ፣ መምህራችን ምን አሉ መሰለሽ? እኛ ስናድግ ጦርነት ሙዚየም ውስጥ ብቻ ነው የሚታየው።"

"አሜን፣ ከአፋቸው ይቀበላቸው" አለች ሰፊዋ። "እስከዚያ ግን ቀሚሱ ያጥርሻል። እትዬ፣ ለእድገቷ ስንት ጣት ልተውላት?"

የእናት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ለዘንድሮ ይብቃት፣ የከርሞን ማን ያውቃል። ስለ ነገ ደፍሮ ማውራት ክፉ ነገር የሚጠራ ይመስላት ነበር። አሁን ግን ልጇ አድጋ፣ ረጅም ሴት ሆና ታየቻት። ሴትየዋ የራሷን ልጅ እጅ ይዛ መስታወት ውስጥ ከተቀመጠ ጠመንጃ ፊት ቆማለች፤ ልጁ "ይኼ ምን ያደርግ ነበር?" ሲላት ማስረዳት ቸግሯታል። እናት ራሷ እዚያ የለችም። ቢሆንም ያቺ ገና ያላገኘቻት ሴት ናፈቀቻት።

ሰፊዋ መቀሱን አነሳች። "ትርፉን ልቁረጠው?"

"ተዪው። ሁሉንም ወደ ውስጥ እጠፊው።"

"ይከብዳታል እኮ።"

"ይክበዳት" አለች እናት።