ትኩሱ ጉቶ

የወይራ እርሻ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ላጠና፣ ባለ ስልሳ ጥያቄ ቅጼን ታቅፌ ከአባ ይርዳው ማሳ ደረስኩ። ባለሙያ ነኝ፤ ቢያንስ ሰደርያዬ ላይ እንደዚያ ተጽፏል።

«ውሃ ምን ያህል ያጠጣሉ?»

«ዝናቡ ያጠጣዋል።»

«ኬሚካልስ?»

«ለወይራ? ኧረ ተወኝ ልጄ!»

አፈሩም አልተሸረሸረም። ጉዳት ከሌለ ምክረ ሐሳብ የለም፤ ምክረ ሐሳብ ከሌለ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ? ድንገት ከማሳው ጫፍ ትኩስ ጉቶ አየሁና በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

«ይሄን የሚያህል ወይራ ማን ቆረጠው?» አልኩ፣ ኮስተር ብዬ፣ እስክሪብቶዬን መዝዤ።

«እኔው ነኝ፤ አንጀቴ እያረረ። አያቴ የተከሉት ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

በከዘራቸው ወደ መንገዱ ጠቆሙኝ። ስመጣ ፎቶ የተነሳሁበት «ወይራን እንጠብቅ» የሚል ሰሌዳ በሁለት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ ቆሟል።

«‹ምሰሶው ምስጥ የማይበላው እንጨት ይሁን› የሚል ደብዳቤ ከቢሯችሁ መጣ። እዚህ አገር ምስጥ የማይደፍረው ወይራ ብቻ ነው።» ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። «ፊርማው አልነበብ አለኝ። የማን ነው?»

ፊርማዬን ከድሮም ሰው አያነበውም።

«እንጃ፣ አባ» አልኩ።