ከገንዳው የጎደለው

የወይን እርሻው ባለሙያ ውሻውን «ፕሮፌሰር» ብሎ የሰየመው ከፍቅር አልነበረም። ተማሪ ሳለ ወይን በቀን ስንት ውሃ እንደሚፈልግ አስልቶ የጻፈውን ጥናት፣ አማካሪው ፕሮፌሰር በራሳቸው ስም አሳትመው ሹመት በሉበት። እሱ ከዓመታት በኋላ ግዙፍ ቡናማ ውሻ ገዛና «ፕሮፌሰር፣ ተኛ»፣ «ፕሮፌሰር፣ ውጣ» እያለ ቂሙን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይወጣ ጀመር። ውሻው ታዛዥ ነው፤ አይሰርቅም፤ ማታ ቤት ውስጥ የሚቀርብለትን ውሃ እንኳ አሽትቶ ይተወዋል። ከስሙ ባለቤት በሁሉም ይሻላል፣ ይላል ባለሙያው።

ሥራው ለተማረ ሰው ቀላል ነበር። በወይኑ መሀል፣ በዝቅተኛ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ክብ የብረት ገንዳ ተቀምጧል። ባለሙያው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከገንዳው ስንት ሚሊሜትር ውሃ እንደወሰደች ይለካል። ያንን ወደ ወይኑ ልክ ይቀንሳል፣ በአንድ ግንድ ድርሻ መሬት ያባዛል፣ በቱቦ ለሚባክነው ይጨምርበታል። ስምንት ሚሊሜትር ከጎደለ ለአንድ ግንድ ሃያ ሁለት ሊትር ይወጣል። ሞተሩ በዚያ ልክ ይከፈታል፣ ውሃው በየግንዱ ሥር ይንጠባጠባል፣ ገንዳው ደግሞ እስከ ምልክቱ ተሞልቶ ለነገ ይቆያል። ባለሙያው ቢሮ ገብቶ ሲያሰላ ውሻው በረድፎቹ መሀል ሲንጎራደድ ይውላል።

በዚያ ዓመት ፍሬው ሳይበስል እየተነፋ ፈነዳ። ዘለላው ሻገተ።

ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው የእርሻው ባለቤት ባለሙያውንና አማቻቸውን ጠሩ። አማቻቸው ካገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም «ሙሽራው» ይባላል፤ ከሠርጉ ወዲህ የሚጠራበት ሌላ ሥራ አልሠራምና። ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ ሞተር ይከፍታል፣ ሞተር ይዘጋል፣ በመሀሉ ያፏጫል።

«ውሃ በዝቷል» አሉ እትዬ። «ወይ ስሌቱ ነው፣ ወይ የሚከፍተው ሰው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ ትሄዳላችሁ።»

ባለሙያው ስሌቱን ከፊታቸው ሠርቶ አሳየ። አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። ሙሽራው ራሱን አከከና፣ ምናልባት ወፎች ከገንዳው ይጠጡ እንደሆነ፣ የሽቦ ወንፊት ቢደረግበት ምን ይመስላችኋል አለ።

«ሽቦ ትነቱን እንደሚቀንስ አንተ የት ታውቅና» አለ ባለሙያው። «ለመሆኑ ወፍ ውሃ የምትጠጣው በባልዲ መስሎሃል?»

«እኔማ ምን አውቄ፣ ጋሼ» አለ ሙሽራው።

ያ ትሕትና ለባለሙያው ጥርጣሬውን ከማጠንከር በቀር ምንም አላደረገለትም። ባለፈው ወር ውሻውን ለማስከተብ ከተማ ወርዶ ሁለት ቀን ቆይቶ ነበር። በእነዚያ ቀናት ገንዳውን የለካው ሙሽራው፣ ያገኘውም ስድስት ነበር። ባለሙያው በተመለሰ ማግስት ስምንት ሆነ። ፀሐይ ሰው አይታ አትበረታም። እንግዲህ ሰውየው ወይ ማስመሪያ ማንበብ አይችልም፣ ወይ ባለሙያውን ለማዋረድ በጣሳ ውሃ ይጨልፋል። ባለሙያው ሁለቱም ነው ብሎ ደመደመ። ድንቁርናና ተንኮል አንድ ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያውቃል።

ስለዚህ ፕሮፌሰርን ገንዳው አጠገብ በረዥም ሰንሰለት አሰረው፣ ምግቡንና ውሃውን አቀረበለት። እንግዳ ሲያይ አገር የሚያናውጥ ውሻ ነው፤ ሌባ ቢመጣ እርሻው በሙሉ ይሰማል።

ቀኑ ጸጥ ብሎ ዋለ፤ ሌሊቱም ጸጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት ባለሙያው ለካ። አሥር።

ወደ እትዬ ሄደ። የሄደው በእርጋታ ነበር፤ ይህን ቀን ብዙ ጊዜ በሐሳቡ ኖሮታል።

«ውሻው አልጮኸም» አላቸው። «ውሻ ለማያውቀው ሰው ይጮሃል። ለሚያውቀው ጭራውን ይቆላል። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ሌላ የሚያውቀው ማን ነው፣ እትዬ?»

እትዬ አማቻቸውን አዩት።

«ልጄን ይንሳኝ፣ እማማ፣ ገንዳውን አልነካሁም» አለ ሙሽራው።

«የልጅ ልጄን በአፍህ አታንሣ» አሉ። ሚስቱና ልጁ እዚሁ እንደሚቀሩ፣ እሱ ግን ሰው ሆኖ ካልተመለሰ በዚህ በር እንዳይታይ ነገሩት። ሚስቱ መስኮት ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ አልወጣችም። ሙሽራው ቦርሳውን ይዞ ሲያልፍ ባለሙያው ከቢሮው ደጃፍ ተደግፎ ያየው ነበር።

«ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ» አለው። «ወንፊቷን ግን ያስቡባት።»

በባለሙያው ሕግ መልስ የሚገባው ለጥያቄ ነው፣ ጥያቄም ማንሳት የሚገባው ለተማረ ነው። እሱም ገንዳውን እስከ ምልክቱ ሞላ፣ ትናንት ያስቀመጠለትን ያልተነካ የውሻ ውሃ ደፍቶ አዲስ ቀዳለት፣ ከዚያም ቢሮው ገብቶ አሰላ፤ ለአንድ ግንድ ሃያ ስምንት ሊትር። ሞተሩንም በገዛ እጁ ከፈተው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ጎበዝ፣ ፕሮፌሰር» አለ፤ መስኮቱንም ዘጋው።

ፀሐይዋ በረታች፤ ፕሮፌሰር ሰንሰለቱን እየጎተተ ተነሣ፣ የተቀዳለትን ውሃ አሽትቶ ተወው፣ የፊት እግሮቹን ርብራቡ ላይ አሳርፎ አንገቱን በገንዳው ጠርዝ አሻገረና ረጋ ብሎ ይጠጣ ጀመር።