የግራው ክራንክ

ብስክሌት ጠጋኙ የድሮ ቢኤምኤክስ ክራንክ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ፣ መቼ እንደተሠራ አይቶ ይናገራል። ዛሬ አንድ የድሮ ብስክሌት ሰብሳቢ የላከለትን የግራ ክራንክ በነጭ ጋዝ ሲያጥበው ከጀርባው ፊደልና ቁጥር ብቅ አሉ። ፊደሉ ዓመቱ፣ ቁጥሩ ወሩ ነው። ታላቅ ወንድሙ አፈር ከለበሰ ሁለት ዓመት ቆይቶ የተሠራ ነው።

ገለበጠው። በውጭ በኩል የኒኬል ቅቡ የጥፍር ቅርጽ ይዞ ተልጧል። ወንድሙ ግራ እግሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት፣ የነዳውን ብስክሌት ሁሉ ተረከዙ እዚችው ቦታ ላይ እንዲህ ይልጠው ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ሲልጥ አይቶ አያውቅም።

ክው ማለት ሲገባው ምንም አልተሰማውም። ለምሳ ቤት ሲገባ ለእናቱ አሳያት።

«የሱ እግር ነው እማዬ። ክራንኩ ግን እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው።»

እናቱ የተላጠውን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ ክራንኩን መለሰችለት። ከአልጋዋ ሥር የወንድሙን ጫማ አወጣች። ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ የጫማውን ሶል ስታስቀይር፣ ሐዘኗ ነው ብሎ ዝም ይላት ነበር።

«አንተ ደግሞ ዛሬ ገና ነው የምታየው?» አለችው። «የግራው ተረከዝ እንደገና አልቋል። ወደ ሥራ ስትመለስ ለጫማ ሰፊው አድርስልኝ።»