አንዲት ውርወራ

የግብርና ባለሙያዋ ጀርባዋን ለማሳው ሰጥታ፣ መሃሏ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት በትከሻዋ ላይ አሽቀንጥራ ወረወረቻት። በብረቷ መሃል የገባው ስንዴ ታጭዶ ይመዘናል፤ ምርቱ ካነሰ መንግሥት ለከርሞ ዘርና ማዳበሪያ በነፃ ይሰጣል፣ ከበዛ ግን ድጋፍ የሚባል ነገር የለም። የማሳው ባለቤት ሚስት ዓይኗን ጨፍና፣ «አደራህን አምላኬ፣ ብረቷ ቦዩ ዳር እንዳትወድቅ» አለች በልቧ። ዝናቡ ሳይታሰብ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ቦዩ ዳር ካለችው ቁራሽ መሬት በቀር ማሳው የረባ ነገር አልነበረውም።

ዓይኗን ስትገልጥ ብረቷ ከቀጫጫው ቢጫ ስንዴ መሃል ተጋድማለች። እፎይ ልትል ስትል ባሏ ቀደማት።

«ይቺንማ የኔ ብለሽ እንዳትመዝኚብኝ፣ ልጄ። እስቲ እንደገና ወርውሪ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?» ብላ ክንዱን ቆነጠጠችው።

«አባባ፣ ደንቡ አንዴ ብቻ ነው» አለች ባለሙያዋ ለስለስ ብላ። ከዚያ ያቺኑ አጨደች፤ በመዳፏ አሽታ ሚዛኑ ላይ ያደረገችው እህል እፍኝ እንኳ አይሞላም።

ሰውየው ማጭዱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቦዩ አቀና። ሚስትየዋ «ጉድ ሊያፈላብን ነው» እያለች ስትንቆራጠጥ፣ ዘለላው ከክብደቱ የተነሳ አንገቱን የደፋ አንድ እቅፍ ስንዴ ይዞ ተመለሰና ባለሙያዋን አስታቀፋት።

«ይሄን አትመዝኚው» አላት። «እይው ብቻ።»