ውሃ ልክ

ዘአማኑኤል ከግንበኛ የተዋሰውን ውሃ ልክ በፒክአፑ የጭነት ወለል ላይ፣ እመሃል ላይ አጋደመው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው አረፋ አንድ አፍታ ተንቀጠቀጠና ወደ ኋላ፣ ወደ ስፖንዳው ሮጦ ጥጉን ይዞ ቀረ።

"አየህ?" አለ። "አንገቱን ደፍቶ ነው የቆመው።"

መካኒኩ ቡልቻ ከፊት ጎማው ሥር ካርቶን ላይ በጀርባው ተኝቶ ነበርና የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። ማየትም አላስፈለገው። ከባድ ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ከፍ እንደሚል፣ ለጭነት ለተሠራ መኪና ይህ ጤንነት እንጂ በሽታ እንዳልሆነ ከዚያው ሆኖ አስረዳ። ካዛንቺስ ውስጥ በዚህ ሲያማርር ያየው ሾፌር እሱ የመጀመሪያው እንደሆነም ጨመረበት።

ፒክአፑ የዕድሩ ነው። ድንኳኑንና ወንበሩን ያመላልሳል፤ ሬሳም ይሸኛል። ሾፌሩ ዘአማኑኤል ጠዋት ወደ ጋራዡ ሲያመጣው የተናገረው ግን ስለ እቃ ብቻ ነበር። እቃ ወደ ፊት ይንሸራተትብኛል፣ ፊቱን ከፍ አድርግልኝ፣ ዛሬውኑ ይለቅልኝ።

ቡልቻ ያለውን መንገድ ነገረው። መኪናውን በሚሸከመው የፊት ባሌስትራ ላይ አንድ ንጣፍ ብረት መጨመር ይቻላል፤ ፊቱ ይነሳል፣ ነገር ግን ይደርቅና በየጉድጓዱ ያነጥራል። "እቃህ ብርጭቆ ከሆነ ተወው።" ዘአማኑኤል ማንጠሩን አልፈለገውም። ከባሌስትራው ሥር ታኮ ብረት መክተትም አለ። እሱ ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን ፊት ላይ ታኮ ያስገባ ሰው ፍሬን በኃይል የያዘ ቀን ምን እንደሚገጥመው አያውቅም። ከሁሉ የሚሻለው ባሌስትራውን አውልቆ ቄራ ላለ ቀጥቃጭ መስጠትና በእሳት ማስጎበጥ ነበር። እሱ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል።

"ሳምንት የለኝም" አለ ዘአማኑኤል።

"ዕድሩን ምን አስቸኮለው? ሰው እንኳ አልሞተ።"

ዘአማኑኤል ያስታወሰው ያለፈውን ቀብር ነበር። በክረምቱ መጨረሻ አቶ ከተማ የሚባሉ ዘመድ የሌላቸው ጡረተኛ ሲቀበሩ ዝናብ ነበር። ቀባሪው ሁሉ አውቶብስ ውስጥ ገባ። ሬሳው አጠገቡ የሚቀመጥ ዘመድ አጥቶ ከኋላ ብቻውን፣ እሱ ከፊት ብቻውን ሆነው ወደ ዮሴፍ መቃብር ሲሄዱ፣ ላንቻ ሊደርሱ ሲሉ ፍሬን ያዘ። ገመዱ ላልቶ ኖሮ ሳጥኑ ተንሸራቶ መጣና ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ መታው። አንዴ ብቻ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

"ከዚህ ሁሉ" አለ ቡልቻ፣ "ጥሩ ገመድ ግዛና ጥፍር አድርገህ እሰረው።"

"እንደ እቃ አላስራትም።"

ቃሉን የሰማው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። "አላስረውም" ማለት ነበረበት። ከሥር ይሰማ የነበረው የመፍቻ ድምፅ ቆመ።

እናቱን ወይዘሮ ለተሚካኤልን ሐኪሞቹ ቤታቸው ይሁኑ ብለው መልሰዋቸዋል። ያ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በቁም ላለ ሰው የቀብር መሰናዶ ማድረግ ሟርት ነውና ማንም አያነሳው። ዘአማኑኤል ወንድም የለው፣ እህት የለው። ለገሃር ይነግዱ የነበሩት የእናቱ ወገኖች ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ሰሞን አውቶብስ ላይ ተጭነው ወደ አስመራ ከተወሰዱ ሁለት ዓመት አልፏል።

ቡልቻ ከመኪናው ሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈ። ፊት ለፊት አላየውም።

"እማማ ለተ እንዴት አደሩ?"

"ደህና አደረች። ሾርባ ቀመሰች።"

"እግዜር ይመስገን።"

ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው አልተነጋገሩም። ቡልቻ ስፖንዳውን አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ አረፋውን አየ። የመኪናውን ፊት እንደማይነካው ነገረው። ዛሬ ባዶውን ሳለ ቢያነሳው፣ የተጫነ ቀን ኋላው ቁጭ ይልና መኪናው ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ይሄ ሸክም ሲያገኝ ነው የሚስተካከለው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አለህ?"

"እኔ አለሁ።"

"አንተማ ምን ክብደት አለህ?" አለ ቡልቻና ወደ ጋራዡ ዞሮ ተጣራ።

በያጁ ታዲዎስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ። ቀለም ቀቢዎቹ መጡ፣ ባትሪ የሚሞላው ጎረቤት መጣ፣ ጎማ ሊያስነፋ የቆመ የታክሲ ሾፌርም ተከተላቸው። ቡልቻ፣ መኪና ልንሞክር ነው፣ ከኋላ ውጡ አላቸው። እየተገፋፉ ወጡ። ታዲዎስ "ወዴት ልትወስዱን ነው፣ ሶደሬ?" አለና ሌሎቹ ሳቁ። ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ፊት ለፊት ተደረደሩ። ውሃ ልኩ መሃል ላይ ስለነበር ማንም እግሩን ወደዚያ አልዘረጋም። ባሌስትራው እየተንሲያጠጠ ዝቅ አለ።

አረፋው ከጥጉ ተነስቶ መጣ፣ መጣና መስመሩ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ።

አቀማመጡን መጀመሪያ ያየው ታዲዎስ ነው። እግራቸው ሥር የቀረውን፣ ሳጥን የሚያክለውን ባዶ ቦታ አየ፣ ከዚያ ዘአማኑኤልን አየ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በእጁ ያዘው። ሳቁም ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ጠፋ።

ቡልቻ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን በቱታው ጠርጎ፣ ጎማውን ረግጦ ወጣና ከታዲዎስ አጠገብ ተቀመጠ።

"አሁን እየው" አለ።

ዘአማኑኤል ስፖንዳው ላይ ጎንበስ አለ። በሁለቱ ረድፍ ጉልበቶች መካከል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ አረፋው በሁለቱ መስመሮች መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዳቸውም ለመውረድ አልተነሱም።