ያልተከፈተው ፖስታ

ቴምብር ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ጋሼ ስንሻው ይዘው የሚመጡት አንድ ፖስታ ብቻ ነው፤ በ1981 ከአሥመራ የተላከ፣ የቴምብሩ ሥዕል ተዘቅዝቆ የታተመ፣ ጨርሶ ያልተከፈተ። ቴምብሩና ማኅተሙ ብቻ እንዲታዩ ሌላውን በወረቀት ሸፍነው ላስቲክ ውስጥ ከተውታል። ሰብሳቢ ዘንድ ያልተከፈተ ፖስታ ከተከፈተው እጥፍ ያወጣል።

አንድ ሰሞን ቴምብሩ ተወዶ መኪና የሚያስገዛ ዋጋ ተሰጣቸው። "ገና ይጨምራል" ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ዋጋው ወረደ። "ይመለሳል" አሉ። ተመለሰ፤ አልሸጡም። እንደገና ወረደ። ስስታም ናቸው ተባለ፤ እሳቸውም አልተከራከሩም።

ዛሬ ነጋዴው ደምመላሽ ወሬ ይዞ መጣ። አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ የዚሁ ቴምብር ሙሉ ካርቶን ተገኝቷል።

"አበቃለት ጋሼ፤ ከእንግዲህ የሚገዛው የለም" አለ። "ይልቅ እንክፈተውና ምን እንደሚል እንስማ።"

"ይቆይ። ዋጋው ይመለሳል።"

ደምመላሽ እየሳቀ ፖስታውን ከእጃቸው ተቀበለና ከላስቲኩ አወጣው። መሸፈኛው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

"ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለአቶ ስንሻው..."

ድምፁ ቀነሰ። ፖስታውን ቀስ ብሎ መለሰላቸው።

"መቼ ነው የደረሰዎት?"

ጋሼ ስንሻው ወረቀቱን አንስተው መልሰው ሸፈኑት።

"በአርባው" አሉ። "ተዝካሩን ያወጣን ዕለት።"